ጨዋታ ለምትወዱ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች፦ ቅሬታችሁን ከውሉ ጀምሩት

ውድ ወጣቶች፣

በደሴ ከተማ ለረጅም ዘመን በጥብቅና ሙያ ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ፒያሳና ሸዋበር አካባቢ ባሉት የጨዋታ ቤቶች ተሰብስባችሁ ስለ ጨዋታ አምራች ኩባንያዎች አሠራር ስትከራከሩ እሰማለሁ፤ ከምትሉትም አብዛኛው እውነት እንደ ሆነ አምናለሁ። የሚያሳስበኝ ክርክራችሁ በምሬት ተጀምሮ በምሬት ማለቁ ነው። በሙያዬ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ተበዳይ የሚሰማው ምን ተስማምቶ እንደ ገባ ሲያውቅ፣ የተጓደለበትን ለይቶ ሲናገርና እንዲደረግለት የሚሻውን በግልጽ ሲጠይቅ ነው።

አዲስ ጨዋታ ስትከፍቱ ሳታነቡ «እስማማለሁ» ብላችሁ የምታልፉት ረጅም ጽሑፍ ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ እንደሚሆን ይደነግጋል። አብዛኞቹ የጨዋታ ውሎች ደግሞ የሚሰጧችሁ ባለቤትነትን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድን ብቻ ነው። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ዘ ክሩ የተባለውን የመኪና ውድድር ጨዋታ የገዙ ሰዎች በሚገባ አይተውታል። አምራቹ ኩባንያ ዩቢሶፍት ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2014 ካወጣ በኋላ መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን፣ ማለትም ጨዋታውን በኢንተርኔት የሚያስኬደውን ኮምፒውተር፣ ዘጋው፤ ጨዋታው ለብቻ ለሚጫወት ሰው እንኳ ከሰርቨሩ ጋር መገናኘትን ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጫወት አልቻለም። ተጫዋቾቹ በቁጣ ብቻ አልቀሩም። ኩባንያዎች አገልግሎት ሲያቋርጡ የተሸጠውን ጨዋታ ሊሠራ በሚችል ሁኔታ ትተው እንዲሄዱ በሕግ ይገደዱ የሚል አንድ ጥያቄ ለአውሮፓ ኅብረት አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የፈራሚዎቹ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን አለፈ። የካሊፎርኒያ ግዛትም ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ሰው ለገዢው የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲነግረው አስገድዳለች።

በእኛ ከተማ ይህ ነገር በጣም የሚጎዳችሁ የጨዋታ አካውንት ከሌላ ተጫዋች በቴሌግራም ስትገዙ ነው። አብዛኞቹ ኩባንያዎች አካውንት ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ በውላቸው ከልክለዋል፤ ሻጩ በቀድሞ ኢሜይሉ ገብቶ አካውንቱን መልሶ ቢወስድባችሁ ኩባንያው አይደርስላችሁም። በሻጩ ላይ ክስ ማቅረብ ይቻል ይሆናል፤ ይሁንና ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ለመክሰስ እንደማይመች እናንተም ታውቃላችሁ።

ውስጡ ያለው ሳይታወቅ በገንዘብ ስለሚከፈተው የጨዋታ ሳጥን፣ ሉት ቦክስ ስለምትሉት፣ የምታነሡት ቅሬታ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 የተባለውን ጨዋታ ሊያወጣ ሲል፣ ዳርዝ ቬደርን የመሰለ ዋና ገጸ ባሕርይ ለመክፈት 60,000 የጨዋታ ነጥብ እንደሚያስፈልግ ተጫዋቾች ደረሱበት። ስንት ሰዓት መጫወት እንደሚጠይቅ በቁጥር አስልተው ስለ ተቃወሙ፣ ኩባንያው ዋጋውን በ75 በመቶ ቀነሰ፤ በጨዋታው ውስጥ እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን በገንዘብ መግዛትንም መደበኛው ሽያጭ በሚጀመርበት ዋዜማ ለጊዜው አቆመ። በቀጣዩ ዓመት የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ እንደሚጥሱ አስታወቀ። በኔዘርላንድስ ግን በዚሁ ኩባንያ ላይ በፊፋ ጨዋታ ምክንያት የተጣለውን የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት የበላዩ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 ሰርዞታል። ሁለት ጎረቤት አገሮች በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲህ ከተለያዩ፣ «ይህ ቁማር ነው» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ልብ በሉ። ከፋዩ ማን እንደ ሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ የማግኘት ዕድሉ አስቀድሞ ተነግሮት እንደ ሆነና ያገኘውን መልሶ መሸጥ ይችል እንደ ሆነ መጠየቅ አለባችሁ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወላጁ ስልክ ሲከፍል ነገሩ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ታናናሾቻችሁን በዚህ ረገድ እንድትጠብቋቸው አደራ እላለሁ።

ወደ ገበታ ጨዋታ ስንመጣ የተጫዋቹ ሥልጣን ይሰፋል። ገበጣ የሚጫወቱ ሰዎች የአጨዋወቱ ደንብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጠጠር ከመዝራታቸው በፊት በደንቡ ይስማማሉ፤ ደንቡ የእነርሱው ነው። በውጭ አገር ግን በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ጨዋታም የኩባንያ ንብረት ሊሆን ይችላል። ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው የሚጫወቱትን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን የሚያሳትመው ኩባንያ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሌሎች በደንቡ ላይ ተመሥርተው የራሳቸውን ሥራ እንዲያሳትሙ የፈቀደበትን ውል እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ሊያጠብበው እንዳሰበ ረቂቁ አፈትልኮ ታወቀ። ተጫዋቾቹ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አነበቡት፤ ብዙዎች ለኩባንያው ድረ ገጽ የሚከፍሉትን ወርኃዊ ክፍያ ሰረዙ፤ ኩባንያው አስተያየት ሲጠይቅም ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች መለሱ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 2023 ኩባንያው የቀድሞውን ውል ሳይነካ እንደሚያቆየው አስታውቆ፣ መሠረታዊ ደንቦቹንም በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለማንም ክፍት አደረገ። በእኔ ዕይታ ይህ የጨዋታ ተጫዋቾች ካገኟቸው ድሎች ሁሉ የጸዳው ነው፤ የጠየቁት አንድ ነገር ነበርና።

ምናባዊ እውነታን የሚያሳየው የራስ መሣሪያ፣ እናንተ ቪአር የምትሉት፣ በከተማችን ገና አልተስፋፋም። ሲመጣ ግን ስለ ምስሉ ጥራት ብቻ አትጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ50 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ተጫዋቾች መካከል አንዱን በራሱና በእጆቹ የ100 ሰከንድ እንቅስቃሴ ብቻ 94 በመቶ በሆነ ትክክለኛነት መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። የእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ አንብቡት። እንቅስቃሴያችሁ የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚሰጥ ከመግዛታችሁ በፊት ለመጠየቅ ይረዳችኋል።

ቅሬታ ስትጽፉ የከፈላችሁበትን ቀንና መጠን፣ የተጣሰውን አንቀጽና የምትፈልጉትን መፍትሔ አስቀምጡ። በከፈላችሁበት ቀን የነበረውንም የውል ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ኩባንያዎች ውላቸውን በየጊዜው ስለሚያሻሽሉ፣ የተስማማችሁበት ጽሑፍ በተፈለገ ጊዜ ላይገኝ ይችላል።