ጥያቄና መልስ፦ በፓኒፓት መድፉ ለምን አላዳነም?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1761 በሰሜን ሕንድ በተደረገው የፓኒፓት ጦርነት ማራታዎች (በጊዜው ኃያል የነበረ የሕንድ መንግሥት ጦር) ከአፍጋኖቹ የተሻለ ከባድ መድፍና በፈረንሳይ ስልት የሠለጠነ እግረኛ ነበራቸው ይባላል። ታዲያ እንዴት በአንድ ቀን ድምጥማጣቸው ጠፋ?

መልስ፦ ስለ መድፉ የሰሙት ልክ ነው። ለማራታዎቹ የሚዋጋው የኢብራሂም ካን ጋርዲ እግረኛና መድፈኛ በጊዜው ሕንድ ውስጥ ከነበሩት ምርጥ ጦሮች አንዱ ነበር። ሽንፈቱ ግን የተጠነሰሰው ከውጊያው 80 ቀን ገደማ ቀድሞ ነው። በኦክቶበር 1760 መጨረሻ የአፍጋኖቹ ንጉሥ አህመድ ሻህ ዱራኒ ያሙና ወንዝን ባግፓት ላይ ተሻግሮ ማራታዎቹን ከዴልሂ ቆረጣቸው። አዛዣቸው ሳዳሺቭራኦ ባሁ ፓኒፓት ላይ ምሽግ ቆፍሮ ተቀመጠ። ምሽጉ ውስጥ ደግሞ ጦሩን ተከትለው የመጡ ሴቶች፣ ነጋዴዎችና ተሳላሚዎች ነበሩ፤ እነሱም መብላት ነበረባቸው። የአፍጋኖቹን ስንቅ ያውክ የነበረው ጎቪንድ ፓንት ቡንዴሌ በዲሴምበር ሲገደል ነገሩ ባሰ። ሰው ተራበ፣ ፈረሱም መኖ አጥቶ ከሳ።

ጃንዋሪ 14 (ጥር 8 ቀን 1753 ዓ.ም.) የወጡት ረሃቡ ስላስገደዳቸው ነው። ዕቅዱ መድፉን ከፊት፣ ሰላማዊውን ሰው ከመካከል አድርጎ በአራት ማዕዘን ሰልፍ ጥሶ መውጣት ነበር። ይህ ስልት የሚሠራው ማንም ከሰልፉ ካልወጣ ብቻ ነው። የጋርዲ እግረኛ ከአፍጋኖቹ ጎን የተሰለፉትን ሮሂላዎች ክፉኛ እየመታ ሳለ የማራታዎቹ አለቆች የቪንቹርካርና የጋይክዋድ ፈረሰኞች ቀድመው ጋለቡ። መድፉ ፊት ወገን ስለገባ ተኩሱ ታፈነ፣ ሰልፉም ክፍተት አገኘ። ከባዱን መድፍ ደግሞ በውጊያ መሐል ጎትቶ ቦታ ማስቀየር አይቻልም። የአፍጋኖቹ ዛምቡራክ ግን በግመል ኮርቻ ላይ የሚጠመድ ትንሽ መድፍ ነው፤ ግመሉ ይንበረከካል፣ ይተኮሳል፣ ተነሥቶም ወደሚፈለግበት ይሄዳል። ወደ 2,000 የሚጠጉ ግመሎች ነበሯቸው።

ከቀትር በኋላ የፔሽዋው (የማራታ መንግሥት ዋና ሚኒስትርና መሪ) ልጅ ቪሽዋስራኦ በጥይት ወደቀ። ባሁ ከዝሆኑ ወርዶ ፈረስ ላይ ወጣ፤ ባዶውን የዝሆን መቀመጫ ያየው ወታደር አዛዡ የሞተ መሰለውና ሸሸ። ብዙ ጊዜ የሚተረከው ይህ ነው፤ እኛ ግን ከዝሆኑ ይልቅ ደጀኑ ወሳኝ ነበር እንላለን። አህመድ ሻህ ከግንባር የሸሹትን ከሰፈር በግድ አስወጥቶ መለሰ፣ ያቆየውንም ትኩስ ፈረሰኛ በደከመው የማራታ ጦር ላይ ለቀቀ። ባሁ በዚያ ሰዓት የሚልከው አንድም ደጀን አልነበረውም።