ሎተሪ ሲወጣ ስንት ይደርሳል? ከፒያሳ የቡና ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን ሎተሪ አዟሪው «ዛሬ የሚወጣ!» እያለ አለፈ። ጨዋታው ወደ ዕጣ ዞረ። የሒሳብ ሠራተኛ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጥያቄው ሁሉ እኔው ላይ ወረደ።

«ሽልማቱ ከየት ይመጣል?»

ከእኛው ኪስ ነዋ። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ቲኬት በ20 ብር ተሸጠ እንበል፤ 20 ሚሊዮን ብር ሆነ። ግማሹ ለሽልማት ቢመደብ 10 ሚሊዮን ነው። ቀሪው ለአዟሪ ኮሚሽን፣ ለኅትመት፣ ለመንግሥት ይሄዳል። 10 ሚሊዮኑን ለሁሉም ቲኬት አካፍሉት፤ ለአንዱ 10 ብር ይደርሰዋል። በ20 ብር የቆረጣችሁት በአማካይ የ10 ብር ተስፋ ነው ማለት ነው።

«የመጨረሻዋ ቁጥር ወጥታልኝ 20 ብሬን አገኘሁ። አተረፍኩ?» አሉ አንዲት እናት፣ ቲኬቷን ከነጠላቸው ጫፍ እየፈቱ።

እማማ፣ ብርዎ ተመለሰ እንጂ አላተረፉም። ከ10 ቲኬት አንዱ በዚያች ቁጥር ያልቃል። በምሳሌያችን 100 ሺህ ሰው 20 ብር ሲወስድ 2 ሚሊዮን ብር ይወጣል፤ የሽልማቱ አምስተኛ እጅ! ትንሿ ዕጣ ብዙ ትበላለች። ብልጠቷም አለች፤ 20 ብሩን ያገኘ ሰው እዚያው ቆሞ ሌላ ይቆርጣል። እማማም ቆረጡ።

«ከእቁብ በምን ይለያል?»

በእቁብ 20 ሰው 500 ብር ሲጥል ባለዕጣው 10 ሺህ ያነሳል። ዕጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው፤ ሁሉም ይደርሰዋል። በሎተሪ ተራ የለም።

«4 ሚሊዮን ቢወጣልኝ 4 ሚሊዮን እወስዳለሁ?»

ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ሽልማት ነፃ አድርጎ፣ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ ከሆነ በሙሉው ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። በዚያ ስሌት 600 ሺህ ተቆርጦ 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ይቀርሃል። የዕለቱን መጣኔ ስትቀበል አረጋግጥ። ግብሩ ከሽልማቱ ላይ ነው የሚቀነሰው። «አስቀድመህ ግብሩን ላክ» የሚል መልእክት ከመጣ ሌባ ነው፤ ስልኩን ዝጋ።

«አሜሪካ ያለው ዘመዴ ፓወርቦል የሚባለውን ሎተሪ ይቆርጣል። የሚያስተዋውቁት ገንዘብ በአንዴ ይሰጣል?»

አይ። የሚተዋወቀው በ29 ዓመት ውስጥ በ30 ክፍያ የሚሰጠው ድምር ነው። በአንዴ የሚፈልግ በጣም ያነሰ ይቀበላል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር መርጦ ከደረሳቸው ትልቁን ዕጣ እኩል ይካፈላሉ። ትልቁ ዕጣ የሚደርስበት ዕድልም ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው።

«ብዙ ጊዜ ያልወጣ ቁጥር ብመርጥስ?»

ኳሷ ባለፈው ሳምንት ማን እንደወጣ አታውቅም።

«አንተስ ትቆርጣለህ?»

ለእንቁጣጣሽ አንድ። የማትመለሰውን 10 ብር ከበዓሉ ወጪ ጋር ጽፌአታለሁ፤ ከዶሮው ቀጥሎ።