ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው 400 ኪሎ ሜትር ስለ ባትሪው ጤና ምንም አይነግርዎትም

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። አራት ዓመት ያገለገለ፣ 62 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዙ ነው። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ማለትም ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት ሲሆን አዲስ ሳለ 45 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ ነበር። ሙሉ ቻርጅ ሲሆን ዳሽቦርዱ 400 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ሻጩም «እንደ አዲስ ነው፤ ጤናው 95 በመቶ ነው» ብለዋቸዋል። የባትሪ ጤና ማለት አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም አሁን በመቶኛ የቀረው ነው። ጠያቂያችን በቀን 110 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዙ «በምን ላረጋግጥ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ሻጩ ዋሽተዋል አልልም። ነገር ግን ሁለቱም ቁጥሮች ማስረጃ አይሆኑም። በበርካታ መኪናዎች ላይ ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ርቀት የሚሰላው ፋብሪካው ያስመዘገበውን የሙከራ ርቀት በቀረው የቻርጅ መቶኛ በማባዛት ብቻ ነው። ባትሪው አንድ አምስተኛ አቅሙን ቢያጣ እንኳ መቶኛው 100 እስከሆነ ድረስ 400 ብሎ ይጽፋል። በሌሎች መኪናዎች ደግሞ ቁጥሩ ያለፉትን ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች አነዳድ ይከተላል፤ ሻጩ መኪናውን ከማሳየቱ በፊት በቀስታ ከነዳው ቁጥሩ ያምራል፣ ዳገት ወጥቶ ከመጣ ያሽቆለቁላል። በሁለቱም መንገድ የሚያዩት የባትሪውን ጤና አይደለም።

ፋብሪካው ርቀቱን የለካበት የሙከራ ደረጃም የራሱ ጉዳይ አለው። የቻይናው ሲኤልቲሲ ከሁሉም ለጋሱ ነው፤ የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ጠበቅ ይላል፤ የአሜሪካው ኢፒኤ ደግሞ ለዕለት ተዕለት መንገድ የተሻለ ቅርበት አለው። እኔ በሲኤልቲሲ የተጻፈ ርቀት ሳይ፣ መኪናው አዲስ ቢሆን እንኳ፣ ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሼ ነው የማስበው።

95 በመቶ የተባለውም ቢሆን የመኪናው ኮምፒውተር ግምት እንጂ የተመዘነ ነገር አይደለም። ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። የመጀመሪያዬን ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስገዛ ኦቢዲ በሚባለው የመኪናው የምርመራ መሰኪያ ላይ በሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መሣሪያና በስልክ መተግበሪያ አነበብኩት፤ 96 በመቶ አለኝ። ደስ ብሎኝ በዚያው ቀን ተዋዋልኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ በየቀኑ እየወረደ 79 ላይ ደረሰ። አንድ ቀን ቤተሰቤን ይዤ ረጅም ዳገት ስወጣ 24 በመቶ የነበረው ቻርጅ በጥቂት ደቂቃ 9 ሆነ፤ መንገድ ዳር ቆመን ሰው እስኪደርስልን ጠበቅን። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በአንዳንድ መኪናዎች የመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ስለ ባትሪው የተማረው ነገር በምርመራ መሣሪያ ሊሰረዝ ይችላል። ከተሰረዘ በኋላ ኮምፒውተሩ ባትሪውን እንደ አዲስ ቆጥሮ ይነሳና እውነቱን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መልሶ ያገኘዋል። ያን ያደረገው የሸጠልኝ ሰው ይሁን ከእርሱ በፊት የነበረው ባለቤት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ግን የተጻፈልኝን የጤና ቁጥር ብቻ አምኜ አልገዛም፤ ራሴ እለካለሁ። መለካቱ ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቀው አንድ ሙሉ ቀንና የሻጩን ፈቃድ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። የእርስዎ ባትሪ ኤልኤፍፒ ስለሆነ ከ100 በመቶ መጀመር ግዴታ ነው። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል ከላይ እስከ ታች አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ሆኖ ምን ያህል እንደቀረ ከቮልቴጁ ማንበብ ይቸግረዋል። ልኩን የሚያስተካክለው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ነው። ለወራት እስከ 80 ብቻ ሲሞላ የኖረ መኪና መቶኛው ከእውነቱ በጣም ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ማታ በዝግታ ቻርጀር እስከ 100 እንዲሞሉትና ከሞላም በኋላ ቶሎ እንዳይነቅሉት ይጠይቁ። ባትሪው ኤንኤምሲ፣ ማለትም ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ቢሆን ኖሮ ከ90 ብንጀምርም ችግር የለውም ነበር።

ጠዋት የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ያድርጉና ቻርጁ 30 በመቶ እስኪደርስ ይንዱ። የሚነዱት እንደ ወትሮው ይሁን፤ ጥቂት ከተማ፣ ጥቂት አውራ ጎዳና፣ ከተቻለም አንድ ደህና ዳገት ይኑርበት። የተነሱበት ቦታ ተመልሰው ቢጨርሱ ይመረጣል፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ ይቻቻላሉና። ሲጨርሱ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ የሄዱትን ርቀትና በ100 ኪሎ ሜትር የወጣውን አማካይ ፍጆታ። ለምሳሌ 175 ኪሎ ሜትር ሄደው ፍጆታው 15.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን፣ የተጠቀሙት 27.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ የወጣው ከባትሪው 70 በመቶ ነው፤ ለ0.7 ሲያካፍሉት ሙሉ ባትሪው 38.7 ገደማ ይይዛል ማለት ነው። አዲስ ሳለ 45 ከነበረ ጤናው 86 በመቶ ነው። ከ70 ይልቅ 15 በመቶ ብቻ ተጠቅመው ቢያሰሉ ትንሿ ስሕተት ውጤቱን ታዛባዋለች፤ ለዚህ ነው ረጅም መንገድ የምለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባትሪ ሁለት ዓይነት አቅም አለው፤ ጠቅላላው አንድ፣ ለአሽከርካሪው የተፈቀደው ሌላ። ቮልስዋገን አይዲ.4ን ብንወስድ በትልቁ ባትሪው ጠቅላላው 82፣ ለአገልግሎት የተፈቀደው 77 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የለኩትን ለ82 ካካፈሉት ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና እንኳ 94 በመቶ ሆኖ ይታይዎታል። ስለዚህ የእርስዎ 45 የትኛው እንደሆነ ከማስላትዎ በፊት ያጣሩ።

ከዚያ መልሰው ሲሞሉት ውጤቱን ማመሳከር ይችላሉ። ቻርጀሩ ወይም ቆጣሪው የሰጠውን ኃይል ይመዝግቡ፤ በዝግታ ቻርጅ ሲደረግ አሥር በመቶ ገደማ በሙቀትና በመሣሪያው ውስጥ ይጠፋል። ያን ቀንሰው ሲያሰሉ በመንገድ ካገኙት ጋር ከተቀራረበ ልኬትዎን ይመኑት። በጣም ከተራራቀ ፈተናውን ይድገሙት፤ አንዳንድ መኪና የማቀዝቀዣውንና የማሞቂያውን ፍጆታ በጉዞ አማካዩ ውስጥ አይቆጥርም።

አሁን ለእኔ ከጠቅላላው አቅም በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ የሴሎቹ መመጣጠን። የመኪና ባትሪ በተርታ የተያያዙ ብዙ ሴሎች፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪዎች ነው። ከጥማድ በሬ አንዱ ሲደክም፣ ሌላው ጉልበት ቢኖረውም እርሻው ይቆማል፤ ባትሪም እንደዚያው ነው። አንዱ ደካማ ሴል ቀድሞ ባዶ ሲሆን ኮምፒውተሩ ሁሉንም ያስቆማል። እኔን ዳገት ላይ ያስቀረኝ ይኸው ነበር። ከላይ በጠቀስኩት ዓይነት የኦቢዲ መሣሪያና የስልክ መተግበሪያ የከፍተኛውንና የዝቅተኛውን ሴል ቮልቴጅ ይመልከቱ። ኤልኤፍፒ ባትሪ መሐል ላይ ሳለ ልዩነቱ ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚመስል አያጽናናዎት፤ ቻርጁ ወደ 30 እና ከዚያ በታች ሲወርድ፣ በተለይም ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን ጫን ሲያደርጉ ያንብቡት። እኔ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ መኪናው ቆሞ ሳለ ልዩነቱ ከ20 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ሲጫን ከ100 ካለፈና ሁልጊዜም ያው አንዱ ሴል ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ጠቅላላ ጤናው 90 ቢሆንም አልገዛም። ረዳት ሰው ከጎንዎ ተቀምጦ ስልኩን ያንብብ፤ እርስዎ ዓይንዎን ከመንገድ አይንቀሉ።

ፈጣን ቻርጀር በአቅራቢያ ካለ በ30 በመቶ ይሰኩት። ባትሪው ከጉዞ የሞቀ ስለሚሆን መኪናው ይቀበላል ከተባለው ኃይል ብዙ ሳይርቅ መሙላት አለበት። ጀምሮ ወዲያው ከቀነሰ በመጀመሪያ የቻርጀሩን አቅም ያጣሩ፤ ቻርጀሩ ደህና ከሆነ ግን ምክንያቱን ሳያውቁ አይክፈሉ። በዚያውም የመሰኪያው ዓይነት፣ ሲሲኤስ2 ይሁን የቻይናው ጂቢቲ፣ ሊጠቀሙበት ካሰቡት ቻርጀር ጋር መግጠሙን ያያሉ።

62 ሺህ ኪሎ ሜትር ማነሱ ብዙ አያታልልዎት። ባትሪ በመሄድ ብቻ ሳይሆን በመቀመጥም ያረጃል፤ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ለወራት የቆመ መኪና በየቀኑ ሲሠራ ከኖረው የባሰ ሊሆን ይችላል። ሻጩን የት ይቆም እንደነበርና እንዴት ይሞላ እንደነበር ይጠይቁ።

መኪናውን በማንሻ አስነስተው ሆዱን ይዩ። የባትሪው ሽፋን ላይ ስርጉድ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፍሳሽ፣ ወይም መፍቻ የነካው ብሎን ካለ ባትሪው ተመትቷል ወይም ተከፍቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከወንበር ሥር ደለል ካዩ ውኃ ገብቶት እንደሆነ ይጠርጥሩ። ብርቱካናማ ሽቦዎችን ግን እርስዎም ሆኑ ሥልጠና የሌለው መካኒክ አይንኩ፤ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ አለባቸው።

ዋስትናውንም ያንብቡ። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ የሚሸፍኑም ብዙ ናቸው። የሚቆጠረው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። ለሁለተኛ ባለቤት ወይም ከሌላ አገር ለተሻገረ መኪና የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

አሁን ወደ እርስዎ 110 ኪሎ ሜትር እንመለስ። ከላይ በምሳሌ ባሰላነው 38.7 ኪሎዋት ሰዓትና በ15.5 ፍጆታ መኪናው በእውነት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የቀን ጉዞዎ 17 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ከባትሪው 44 በመቶ ይፈልጋል። ጤናው ወደ 70 ቢወርድ እንኳ 200 ገደማ ይቀረዋል፤ ጉዞዎን ይችላል። ስለዚህ 86 ወይም 84 መሆኑ ዋጋ ለመደራደር ይጠቅምዎታል እንጂ መኪናውን አያስጥልዎትም። የሚያስጥለው የሴሎቹ አለመመጣጠን ነው፤ ወይም ደግሞ ሻጩ ይህን ሁሉ ለመፈተን አንድ ቀን አልሰጥም ካሉ። ፈተናውን ሲያደርጉ ርቀቱን፣ ፍጆታውን፣ የተነሱበትንና የደረሱበትን መቶኛ፣ እንዲሁም የሴሎቹን ልዩነት ጽፈው እዚህ ያስቀምጡልን፤ አብረን እናሰላዋለን።