ዶክተሩ ቀጭኔ ፎርጅድ አይደለም

«ያገኘሁት የድሮ የቶይስ አር አስ ማስታወቂያ ላይ ያለው ቀጭኔ ጄፍሪ ሳይሆን ዶክተር ጂ ራፍ ይላል፤ ፎርጅድ ይሆን?» ላልሽው፣ እህቴ፣ አይደለም። እንዲያውም እንዳትለቂው። ቶይስ አር አስ የአሜሪካ የአሻንጉሊት መደብር ነው፤ ጄፍሪ ደግሞ የመደብሩ መለያ የሆነው ቀጭኔ።

የድሮ ማስታወቂያ መሰብሰብ እንደጀመርኩ እንደዚሁ ያለ የጋዜጣ ቁራጭ እጄ ገብቶ ነበር። «ስሙ ተሳስቷል» ብዬ ለሻጩ መለስኩለት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መደብሩ ሲጀመር ቻርልስ ላዛረስ እ.ኤ.አ. በ1948 ዋሽንግተን ዲሲ የከፈተው የሕፃናት አልጋ መሸጫ ነበር። ከጦርነት የተመለሰው ሁሉ አግብቶ ሊወልድ ነው ብሎ አስልቶ። ግን አልጋ አንዴ ከተገዛ ለታናሽም ይሆናል። አሻንጉሊት ይሰበራል፤ ወላጅም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ወደ አሻንጉሊት አዘነበለ። ሱቁ ያኔ ችልድረንስ ባርጌን ታውን ይባል ነበር። በ1950ዎቹ ማስታወቂያው ላይ የወጣው ቀጭኔ ነው እንግዲህ ዶክተር ጂ ራፍ። እስኪ አፍጥነሽ አንብቢው፤ ጂራፍ! በእንግሊዝኛ ቀጭኔ ማለት ነው። ቀልዱ ይኸው ነው።

ቶይስ አር አስ የሚለው ስም በ1957 መጣ። ዶክተሩ ጄፍሪ የተባለው በ1965 ነው፤ በ1973 ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ኋላ ላይ ሚስትና ልጆችም ተሳሉለት። በ2001 ካርቱኑን ትተው እውነተኛ የሚመስል አሻንጉሊት ቀጭኔ አመጡ፤ የጁራሲክ ፓርክን ዳይኖሰሮች የሠራው የስታን ዊንስተን ስቱዲዮ ነው የሠራው። ጥበቡ ይደነቃል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። በ2007 ወደ ካርቱን መለሱት።

ከሁሉ የሚገርመኝ የግብሩ ጉዳይ ነው። ኩባንያው በ1984 ደላዌር በተባለው የአሜሪካ ግዛት «ጄፍሪ» የሚባል ሌላ ኩባንያ አቋቁሞ የንግድ ምልክቶቹን ሰጠው። ሱቆቹ ከተጣራ ሽያጫቸው 1 በመቶ ይከፍሉት ነበር። ይህ «ጄፍሪ» ሳውዝ ካሮላይና በተባለው ሌላ ግዛት ውስጥ ቢሮም ሠራተኛም አልነበረውም። ግዛቱ ግን ግብር ክፈል አለው። ተካሰሱ፤ በ1993 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለግብር ሰብሳቢው ፈረደ። የግብር ጠበቆች ዛሬም ክርክሩን በቀጭኔው ስም ነው የሚጠሩት።

በ2018 የአሜሪካ ሱቆቹ ሲዘጉ፣ ላዛረስም በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ አረፈ። ጄፍሪ ግን ከምልክቱ ጋር ወደ አዲስ ባለቤቶች ተሻግሮ አሁንም አለ።

ወደ ወረቀትሽ ልመለስ። ላሚኔት እንዳታስደርጊው፤ ይበላሻል። ጀርባውንም ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን። ከጋዜጣ የተቆረጠ ከሆነ ቀኑን የሚጠቁም ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።