ያገለገለ ሾክ ልግዛ ወይስ አዲስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሜትር ታክሲ እሠራበታለሁ። ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ከፊት በቀኝ በኩል ኳኳ ይላል። መካኒኬ ሁለቱ የፊት ሾክ አብዞርበሮች ከነሞላቸው፣ የቀኙ ሎወር አርም ደግሞ ከነቦል ጆይንቱ ይቀየር ብሎኛል። ሶማሌ ተራ ከዱባይ የመጣ ኦሪጅናል ነው የተባለ፣ ያገለገለ ሙሉ ዕቃ አገኘሁ። በዚያው ገንዘብ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አዲስ ሾክ አለ። የጃፓኑ አዲስ ግን የሁለቱም እጥፍ ነው። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ወደ ዕቃው ከመሄዳችን በፊት ድምፁን እንያዘው። መካኒክህ የጠራልህ ዕቃ ብዙ ነው፦ ሾክ የመኪናውን መወዛወዝ የሚያረጋጋው፣ ሞላ ክብደቱን የሚሸከመው ጥምዝ ብረት፣ ሎወር አርም ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ፣ ቦል ጆይንት ደግሞ አርሙን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ኳስ ያለበት መጋጠሚያ ነው። አንተ የነገርከኝ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። የደከመ ሾክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኳኳ አይልም። የሾክ ድካም የሚታየው በሌላ ነገር ነው። መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላም መወዛወዙን ቶሎ አያቆምም። ፍሬን ስትይዝ ፊቱ ይደፋል። ጎማው ወጥ ሆኖ መበላቱን ትቶ ከፍና ዝቅ እያለ ይበላል። እነዚህን ካላየህ ሾኩን ገና አትፍረድበት።

ትናንሽ ድንጋዮች ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ቀለል ያለ ኳኳታ ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የስታቢላይዘር ሊንኩን ነው። በአንተ ኮሮላ ላይ ይህች አጭር ዘንግ አንዱ ጫፏ ሾኩ ላይ ነው የሚታሰረው። ስለዚህ ድምፁ ከሾኩ የሚወጣ ይመስላል። ሾክ ቀይሮ ድምፁ አልጠፋ ያለው ሰው ብዙ ነው። የሊንኳ ዋጋ ደግሞ ከሾክ ጋር አይወዳደርም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። የግራና የቀኙን ሊንክ አስፈታቸው። ከዚያ ያንኑ ኮብልስቶን ቀስ ብለህ ንዳበት። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ሁለት አዲስ ሊንክ ገዝተህ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ሊንክ በሌለበት መኪናው ኩርባ ላይ ከወትሮው በላይ ያዘነብላል። ስለዚህ ለሙከራ ብቻ፣ በዝግታ፣ ያለ ተሳፋሪ ይሁን።

ድምፁ ካልጠፋ መኪናውን በክሪክ አስነሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ። ከዚያ ግራና ቀኙን ይዘህ ነቅንቅ። ከላይና ከታች ስትይዝ የሚነቃነቅ ከሆነ ቦል ጆይንቱን ወይም የጎማውን ኩሽኔታ ጠርጥር። ግራና ቀኙን ስትይዝ ብቻ ከሆነ ታይሮዱን (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) እይ። ቀጥሎ መካኒክህ በፌሮ ዘንግ ሎወር አርሙን ወደላይና ወደታች ይፈንቅለው። ቦል ጆይንቱ ላይ ክፍተት ካለ ያኔ በዓይንህ ታየዋለህ። የአርሙ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ) ከተቀደደም እዚያው ይታያል። መጨረሻ ላይ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ሰው መሪውን ያዙርልህ፤ አንተ ኮፈኑን ከፍተህ የሾኩን ጫፍ በእጅህ ያዝ። እጅህ ላይ የሚመታ ነገር ከተሰማህ የላይኛው መያዣ ወይም ኩሽኔታው ነው። ይህ ሁሉ ምርመራ አንድ ሰዓት አይፈጅም። መካኒክህ ይህን ሳያደርግ የዕቃ ዝርዝር ከጻፈልህ፣ እንዲያደርገው በትህትና ጠይቀው።

እንበልና ምርመራው ሾኩ በእርግጥ ደክሟል አለ። አሁን ወደ ጥያቄህ እንምጣ።

ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዕቃ የሚያረጀው በምንድን ነው? ብረት ብቻ የሆነ ዕቃ ካልታጠፈ፣ ካልተሰነጠቀና በዝገት ካልተበላ ዕድሜው ረጅም ነው። ጎማ፣ ዘይት ወይም ኳስ ያለበት ዕቃ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ አርጅቷል። ሾክ ውስጥ ዘይት አለ፣ ዘይቱን የሚያግድ ጎማ አለ፣ በየጉድጓዱ የሚሠሩ ትናንሽ ቫልቮች አሉ። ሶማሌ ተራ ያገኘኸው ሾክ የወጣው አንተ ከምትነዳው ጋር ከሚመሳሰል መኪና ነው። ያ ማለት እሱም ሃያ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ኦሪጅናልነቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የምትፈታው የራስህ ሾክስ ኦሪጅናል አልነበረም?

«ከዱባይ የመጣ» የሚለውም ብዙ አያጽናናኝም። መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ይህ እውነት ነው። ሙቀቱ ግን ጎማን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ብረቱ ንጹህ ሆኖ ጎሚኒው ደርቆ የተሰነጠቀ ዕቃ ከዚያ ሲመጣ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ከሚበተንበት አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጎማው ደህና ሆኖ ብረቱን ዝገት ይበላዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪና የሚፈታው ብዙ ጊዜ ስለተጋጨ ነው። ግጭቱ ከፊት ከነበረ የፊት ሾክን በጣም እፈራለሁ። በአንተ መኪና የፊት ሾክ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ምሰሶም ነው። ዘንጉ በዓይን በማይታይ መጠን ከታጠፈ ዘይት ማገጃውን በአንድ በኩል ይበላዋል፤ ጎማውም ዘንበል ብሎ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ሰምተህም ልግዛ ካልክ፣ ሞላው የወለቀለት ሾክ ጠይቅ። ሞላው ላይ የታሰረውን በእጅ መፈተን አይቻልም። አቁመህ ያዘውና መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ እስከ መጨረሻው ሳበው፣ ግፋው። ተጋድሞ የቆየ ሾክ ውስጡ አየር ስለሚገባ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ደካማ መስሎ ሊያታልልህ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ስትስበውም ስትገፋውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ መቃወም አለበት። መሀል ላይ እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ ተቃውሞ ሰተት ብሎ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም አቅጣጫ ስትቀይር ትንሽ ባዶ እንቅስቃሴ ካለው፣ መልስለት። ጋዝ ያለበት ዓይነት ከሆነ ወደ ታች ገፍተህ ስትለቀው ቀስ ብሎ በራሱ ይወጣል። ዝም ብሎ ከቀረ ጋዙ ወጥቷል።

አቧራ መከላከያውን ገልብጠህ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በጥፍርህ ዳስሰው። ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ፣ ዛሬ ባያፈስም በቅርቡ ያፈሳል። ቱቦው ታጥቦ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ለምን እንደተቀባ ጠይቅ። የብየዳ ነጥብም ፈልግ። አንዳንዱ ተበስቶ ዘይት ከተሞላ በኋላ የተበየደ ነው፤ ያን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። ነጋዴው ታስሮ ካልሠራ እመልሳለሁ ካለህ ቀኑን ደረሰኝ ላይ ይጻፍልህ። ዕቃው ላይም የራስህን ምልክት አድርግ።

የኔን ምርጫ ከጠየቅከኝ ግን፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ ለሚሠራ መኪና ያገለገለ የፊት ሾክ አልገዛም። የጃፓኑን አዲስ ግዛ። እጥፍ ነው ብለሃል። ግን መካኒክህ ከጻፈልህ ዝርዝር ውስጥ የምትሰርዘው ነገር አለና ልዩነቱን ከዚያ ታገኘዋለህ። ሁለቱን ፊቶች አንድ ላይ ቀይር፤ አንዱን ብቻ መቀየር ፍሬን ስትይዝ መኪናውን ወደ አንድ ጎን ሊስበው ይችላል። የኋላዎቹ ደህና ከሆኑ ይቆዩ።

የምትሰርዘው የመጀመሪያው ነገር ሞላው ነው። ሞላ ብረት ነው። ካልተሰበረና ካልተኛ የራስህን መልሰህ እሰረው። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመህ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ በሜትር ለካ፣ ግራና ቀኙን አወዳድር። ተቀራራቢ ከሆኑና መኪናው ወደ ፊት ካልተደፋ ሞላህ ሥራውን እየሠራ ነው። የታችኛውን ጥምዝ ግን በደንብ እየው፤ ሞላ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከተሰበረብህ ሞላ ያገለገለ ለመግዛት ጥሩ ዕቃ ነው። ጥንድ አድርገህ፣ ከአንድ መኪና የወጣ፣ የቀለም ምልክቱ የሚመሳሰል፣ ጎን ለጎን ሲቆም ቁመቱ እኩል የሆነ ውሰድ።

ሁለተኛው ሎወር አርሙ ነው። በአንተ ኮሮላ ቦል ጆይንቱ ከአርሙ ጋር በአንድ ብሎንና በሁለት ዳዶ ነው የሚታሰረው። ተፈቶ ለብቻው ይቀየራል። ጎሚኒዎቹም ቶርኖ ቤት በፕሬስ ወጥተው አዲስ ይገባሉ። ስለዚህ አርሙ ራሱ ካልታጠፈ ለምን ይጣላል? ከታጠፈ፣ ያገለገለ አርም ገዝተህ አዲስ ቦል ጆይንትና አዲስ ጎሚኒ አስገባበት። ስትገዛ የግራውን አርም አጠገቡ አስቀምጠህ እንደ መስታወት አወዳድር፤ መዶሻ ያረፈበት ወይም ብየዳ ያለበት ከሆነ ተወው። ቦል ጆይንት ግን ያገለገለ በምንም ዋጋ አትግዛ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ቦል ጆይንት ሲወልቅ ጎማው ከመኪናው ሥር ይታጠፋል፤ መሪም አይሰማህም። ኋላህ ደግሞ ተሳፋሪ አለ።

ሶማሌ ተራን ግን ስሙን ማጥፋቴ አይደለም። ጉድጓድ ሰብሮብህ ናክል (ጎማው የሚታሰርበት ብረት)፣ የስታቢላይዘር ዘንግ ወይም የኋላ አክስል ድልድይ ብትፈልግ እኔም መጀመሪያ የምልክህ እዚያው ነው። አዲሱ በጣም ውድ ነው፤ ብረቱ ደግሞ ደህና ከሆነ ያው ብረት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን መኪናዎች አቆይቶ መንዳት ግድ ሆኗል። ለእነሱ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ የግድ ያስፈልጋል።

አዲስ ስትገዛም ዓይንህን ግለጥ። እንደ ካያባና 555 ያሉ የጃፓን ስሞች ስለሚፈለጉ አስመስለው የሚያሽጉ አሉ። ካርቶኑን ብቻ አትይ። ዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ጽሑፉ የተዛነፈ፣ የቦል ጆይንቱ ጎማ የላላ፣ በእጅ ሲንቀሳቀስ ያለ ምንም ክብደት የሚዞር ከሆነ ሌላ ሱቅ ሂድ።

አንድ ነገር ለመካኒክህ ንገረው። የሾኩን የመሀል ዳዶ ከመፍታቱ በፊት ሞላው በትክክለኛ መጭመቂያ መያዝ አለበት። በሽቦ ወይም በሰንሰለት አስሮ መፍታት ሰው ይገድላል፤ የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ አይያዝም። መጭመቂያ ከሌለው ሾኩን አውልቃችሁ ያለው ጋራዥ ውሰዱት። የአርሙን ጎሚኒ የሚይዙትን ብሎኖች ደግሞ መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ እያለ ጨርሶ እንዳያጠብቃቸው። መኪናው መሬት ከወረደ በኋላ፣ በራሱ ክብደት ሲቆም ነው የመጨረሻው ማጥበቂያ። አለዚያ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይታሰርና አዲሱ ጊዜው ሳይደርስ ይቀደዳል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አላይመንት አሠራ። ሾኩ ከናክሉ ጋር የሚታሰርበት ሁለት ብሎን ተፈቶ ሲታሰር የጎማው አቋም ይለወጣል፤ ሳታስተካክል ሥራ ከጀመርክ የፊት ጎማህን በአንድ በኩል ትበላዋለህ።