"ፋይን" ሲሉህ እንዳትቀዳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። "የወጥ ቤት አለቃዬ 'ፋይን ሶልት' አምጣ አለኝ፤ ፋይን ጥሩ ማለት ከሆነ መጥፎ ጨው አለ እንዴ?" ብለሃል። እኔን የጠየቅከኝ ያህል ነው የቆጠርኩት። ይቺ ቃል ስንቴ አዋርዳኛለች!

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅነት የጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት ሸምገል ያሉ ፈረንጅ እናት ቡና ይዘው ሐይቁን ያያሉ። ሲኒያቸው ጎደል ሲል ፔርሙዜን ይዤ ጠጋ አልኩና "ሞር ኮፊ?" አልኳቸው። "አይ አም ፋይን" አሉኝ ፈገግ ብለው። ፋይን ካሉማ ብዬ ማንቆርቆር ጀመርኩ። ሴትዮዋ ሲኒውን በመዳፋቸው ሊከድኑ ሲዘረጉ ለጥቂት እጃቸውን ጠብሼው ነበር። ለካ "ይብቃኝ" ማለታቸው ነው!

በዚያው ሳምንት ደግሞ አንዱ እንግዳ የቆሮሶ ጥብሱን እያገላበጠ "ፋይን ቦንስ አለው?" አለኝ። "የስ፣ ቬሪ ፋይን!" አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። የጠየቀኝ ጉሮሮ ላይ ስለሚሰነቀረው ደቃቅ አጥንት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቃሏ ከምን ጋር እንደመጣች ነው የማየው። ከአሸዋ፣ ከዱቄት፣ ከክር ጋር ከመጣች ደቃቅ፣ የላመ፣ ቀጭን ናት። ከወርቅ ጋር ከሆነ ንጹሕ፣ ባዕድ ያልገባበት። አየሩን ፋይን ካሉት ጃንጥላህን ተወው። ውል ላይ "ፋይን ፕሪንት" ካሉህ ግን በደቃቁ የተጻፈውን ማለታቸው ነውና መነጽርህን ፈልግ። ጥርሱን ነክሶ "ፋይን!" የሚልህ ሰው ደግሞ የኛን "ይሁና!" ነው ያለህ፤ ራቅ በል።

የባጃጅ ልጆች የሚሸሿት ፋይን፣ ማለትም ቅጣቷ፣ ስም ናት። የሁለቱ ቃላት ሥረ-መሠረት ግን አንድ ነው፦ የላቲኑ "ፊኒስ"፣ መጨረሻ። ከፍለህ ክርክሩን የምትጨርስበት ገንዘብ ቅጣት ሆነ፤ እስከ ጥግ ድረስ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ደግሞ ምርጥ ተባለ። እኛስ ከ"ፈጸመ" "ፍጹም"ን አውጥተን የለ? ይህን ካወቅኩ ወዲህ ከቃሏ ጋር ታርቄያለሁ።

ወደ ጨውህ ስመለስ፣ አለቃህ የጠየቀህ ደቃቁን፣ የተፈጨውን ነው። ነገ ደግሞ "ኮርስ ሶልት" ቢልህ ትምህርት መስሎህ እንዳትመዘገብ፤ ጠጠር ጠጠር የሚለውን አምጣለት።