ለግፊት ሙዝ ከመስጠትሽ በፊት

እህቴ፣ «እናቴ ግፊት አለባት፣ ሙዝ ያወርዳል ተብዬ ነበር፣ በቀን ስንት ልስጣት?» ላልሽው፣ «አምስት ስጫት» ብለው የመለሱልሽን አትስሚያቸው። እኔ በአባቴ አይቼዋለሁ።

1. የመድኃኒቷን ስም አንብቢ። የአባቴ ኢናላፕሪል ነበር። ይሄ የግፊት መድኃኒት ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ደግሞ ወደ 400 ሚሊግራም ፖታሲየም አለው። ኩላሊት ደህና ከሆነ ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል፣ ሙዙም ለግፊት ጥሩ ነው፣ ውሸት አይደለም። የአባቴ ኩላሊት ግን ደክሞ ኖሯል። ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም።

2. ረከሰ ብለሽ አትሸከሚ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ በጋሪ በር ድረስ ይመጣል፣ ሦስት ሦስት ኪሎ እያመጣሁ ያበላሁት እኔው ነኝ። ጥርስ ስለሌለው ወደደው፣ ጠዋት ሁለት ማታ ሦስት። ከዚያ «እግሬ ከዳኝ» ማለት ጀመረ። እርጅና ነው አልን። ጎረቤታችን «ጉልበት ይሆነዋል፣ ጨምሩለት» አለች፣ ጨመርንለት!

ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን፣ ሁለት ታክሲ ቀይረን ሐኪም ቤት ደረስን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስልኳን እያወራች፣ ቀና ሳትል «ለዛሬ ሞልቷል፣ ነገ ኑ» አለችኝ። አባቴ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል! ጮህኩኝ፣ አላፍርም። ባልጮህ ኖሮ ይዤው እመለስ ነበር። የደሙ ፖታሲየም 6.3 ሆነ፣ ጤነኛ ሰው ከ5 ብዙም አያልፍም። ፖታሲየም ሲበዛ እግርን ያደክማል፣ ልብንም ያውካል፤ ልቡን በኢሲጂ (የልብ ምት መመርመሪያ) አይተው እዚያው አስተኙት። አንድ ወጣት ዶክተር «ምን ይበላል?» ሲለኝ ነው የገባኝ። በስንት ዓመት ክትትል ይህን የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

3. ስለዚህ መጀመሪያ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ደህንነት የሚያሳየው) እና ፖታሲየም አስመርምሪላት፣ ሁለቱም ተራ የደም ምርመራ ናቸው። ውጤቱን እስክታዪ ድረስ ሙዙን አቁሚ፣ መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታስቆሚ። ድንች፣ ቲማቲምና አቮካዶም ፖታሲየም አላቸው፤ እኛ ድንቹን ከትፈን ቀቅለን ውሃውን እንደፋለን። ስኳር ካለባት ደግሞ በጣም የበሰለው ሙዝ ቶሎ ከፍ ያደርግባታል።

አሁን የአባቴን የላብራቶሪ ወረቀት ከነርሶቹ እኩል ነው የማነበው። ፖታሲየሙ ወርዷል፣ በባጃጅ ሳይሆን በእግሩ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ጋሪው ሲያልፍ ብቻ በመስኮት አይቶ «ልጣጩን እንኳ አሽትቱኝ» ይለናል።